የተቀረጸ ዱባ፣ የተቀባ ዱባ ወይስ ወረቀት? ለሃሎዊን ሰሞን የቤት ውስጥ የእጅ ሥራ አመራረጥ

አሜሪካ ውስጥ ሴፕቴምበር ሳይገባደድ የሱፐርማርኬቱ በር ላይ ዱባ ይከመራል፤ የዶላር ስቶሩ መደርደሪያ በሸረሪት ድርና በአጽም ይሞላል። ብዙም ሳይቆይ ከልጅ ቦርሳ ውስጥ «ለክፍል ዝግጅት ያጌጠ ዱባ ይዛችሁ ኑ» የሚል ወረቀት ይወጣል። ወላጅ ሐሳብ ፍለጋ ስልኩን ሲከፍት የሚያገኘው ሥራ ሁሉ ቀላል፣ ርካሽና የሚያምር ይመስላል። ፎቶው ላይ ግን ሙጫው እስኪደርቅ ሦስት ሌሊት ማለፉ አይታይም፤ ዱባው በአራተኛው ቀን መሻገቱም፣ ቢላውን ማን እንደያዘውም አይታይም።

እዚህ ስድስት ዓይነት ሥራዎችን እናወዳድራለን፤ የታሰበውም አፓርትመንት ወይም ታውን ሃውስ ውስጥ ልጅ ለሚያሳድግ ቤተሰብ ነው። ዋጋዎቹ ግምት ናቸው፤ እንደ ከተማውና እንደ ሱቁ ከፍ ዝቅ ይላሉ።

## በምን እንመዝን?

ዋጋ ከማየታችሁ በፊት ምን እንደፈለጋችሁ ለዩ፦ ከልጆች ጋር የሚያልፍ አንድ ማምሻ ነው? ለበራችሁ የሚሆን ጌጥ ነው? ወይስ ትምህርት ቤት የሚሄድ ሥራ? ሦስቱን በአንድ ዕቃ ለማግኘት የሚሞክር ሰው ብዙ ጊዜ ሦስቱንም ያጣል። ለማምሻው ደስ የሚለው ሥራ በር ላይ አይቆይም፣ በር ላይ የሚቆየው ለትንሽ ልጅ እጅ አይመችም፣ ትምህርት ቤት የሚሄደው ደግሞ የአውቶቡስ መንገጫገጭ ችሎ መድረስ አለበት።

ከዚያ በኋላ የምንመዝነው ስለትና እሳት አለው ወይ፣ ስንት ቀን ይቆያል፣ መሣሪያው ተጨምሮ ስንት ያወጣል፣ ቤቱን ምን ያህል ያቆሽሻል የሚሉትን ነው። ቆይታው ከአየሩ ጋር የተያያዘ ነው። ዳላስና ላስ ቬጋስ ኦክቶበር መጨረሻ ላይም ሞቃት ቀን አያጡም፤ የተቀረጸ ዱባ ቶሎ ይሄዳል። ሲያትል ዝናብ አለ፤ ወረቀት ውጭ አይሰቀልም። ሚኒያፖሊስ ብርዱ ሊቀድም ይችላል፤ በረዶ የመታው ዱባ ሲሟሟ ይልፈሰፈሳል።

አንድ መመዘኛ ደግሞ በእኛ ቤቶች ከሌላው ይበልጥ ይነሳል፤ ሥራው ከሃሎዊን ውጪ ያገለግላል ወይ? በሃይማኖት ምክንያት ሃሎዊንን የማያከብሩ ኦርቶዶክስም ጴንጤም ቤተሰቦች ብዙ ናቸው፤ ልጁ ግን ክፍል ውስጥ ብቻውን ባዶ እጁን እንዲቀመጥ አይፈልጉም። ብዙ ትምህርት ቤቶችም ዝግጅቱን «የመከር በዓል» ብለውታል። ፊት፣ አጽምና ጠንቋይ የሌለበት ጌጥ ለሁለቱም ይሆናል፤ በኖቬምበር አራተኛው ሐሙስ እስከሚውለው ታንክስጊቪንግ ድረስም ሳይነሳ ይቆያል።

## የተቀረጸ ዱባ

ልማዱ የመጣው ከአየርላንድና ከስኮትላንድ ነው። እዚያ ፊት ይቀረጽ የነበረው ተርኒፕ በሚባል ጠንካራ ሥራ ሥር ላይ ሲሆን፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወደ አሜሪካ የፈለሱት አየርላንዳውያን ትልቁንና ለመፈልፈል የሚቀለውን ዱባ አገኙ። የሚቀለው ግን ከተርኒፕ አንጻር ነው። የወጥ ቤት ቢላ ልጣጩ ውስጥ ይሰካና እምቢ ይላል፤ ሲገፉት በድንገት ይሾልካል፤ ያኔ የሚቆረጠው ዱባውን ደግፎ የያዘው እጅ ነው። የእጅ ቀዶ ሕክምና ሐኪሞች በዚህ ሰሞን ደጋግመው የሚመክሩትም ለዱባ ተብሎ የሚሸጠውን ትንሽ መጋዝ እንድንይዝ ነው። መጋዙ ከሦስት እስከ አምስት ዶላር ቢወጣበት ነው፤ ስለቱ ቀጭን፣ ጥርሱ ደቃቅ ነው፤ ሲጠነክርበት ይታጠፋል እንጂ አይሾልክም።

ስትገዙ መቀመጫው ጠፍጣፋ የሆነውን፣ በአውራ ጣት ሲጫኑት የማይሰረጉደውን ምረጡ። ከላይ ባለው ግንዱ አንጠልጥላችሁ አታንሱት፤ ግንዱ ከተገነጠለ መበስበስ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ብዙ ሰው ክዳን ብሎ ከላይ ይቆርጣል። ከታች ወይም ከጀርባ ቢቆረጥ ይሻላል፤ ግንዱ እንዳለ ስለሚቆይ ጣሪያው አይሰምጥም። ከላይ ካልሆነ ካላችሁ መጋዙን ወደ መሐል አዘንብላችሁ ቁረጡ፤ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ክዳን በሁለተኛው ቀን ሲኮማተር ሾልኮ ውስጥ ይገባል።

የሥራው ግማሽ መፋቁ ነው። በትልቅ የብረት ማንኪያ ፍሬውንና እርጥቡን ክር አውጡ፤ ፊት በሚሆነው በኩል ግድግዳው ወደ 2.5 ሴንቲሜትር እስኪቀጥን ፋቁት። እዚህ ላይ የተቻኮለ ሰው ሁለት ጊዜ ይከፍላል፤ መጋዙ ወፍራም ሥጋ ውስጥ ይያዝበታል፣ የቀረውም ክር መጀመሪያ የሚሻግተው ነው። ሻጋታው ከውጭ አይጀምርም፤ በዓይኑና በአፉ ጠርዝ በውስጥ በኩል እንደ በርበሬ ፍሬ የደቀቁ ጥቁር ነጠብጣቦች ካያችሁ ከሁለት ቀን በላይ አይቆይም።

የተቀረጸ ዱባ ዕድሜው በግምት ከሦስት እስከ ሰባት ቀን ነው። ሃሎዊን ለሚውልበት ለኦክቶበር 31 ማምሻ እንዲደርስ ከ28ኛው ቀን ቀድማችሁ አትቅረጹ። ስኩዊረል ያለበት ሰፈር ከሆነ ማታ ማታ ወደ ውስጥ አስገቡት። ለብርሃን በባትሪ የሚሠራ ትንሽ መብራት ይበቃል። የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽንም የአገሪቱ ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበርም ሻማን የማይመክሩት፣ ከረሜላ ፍለጋ በር የሚያንኳኩ ልጆች ረጅም ልብስ ለብሰው ስለሚመጡ ነው።

ጊዜው ዘመነ ጽጌ ስለሆነ ጽጌን ለሚጾም ቤት የተፋቀው ሥጋ ለዱባ ወጥ የሚሆን ይመስላል። ለቅርጽ የሚሸጠው ዱባ ግን ውሃ የበዛበትና ክራም ነው፤ ወጡ ይቀጥናል፣ አገር ቤት የለመድነው ጣፋጭነትም የለውም። ለወጥ ትንሹን የፓይ ዱባ ወይም ልጣጩ አረንጓዴ የሆነውን ካቦቻ ግዙ። ፍሬው ግን አይጣልም፤ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ጨው ነካ ተደርጎ ይቆላ።

ወጪው፣ ዱባው ከአምስት እስከ አሥር ዶላር፣ መጋዝና መብራት ሲጨመር ወደ አሥራ አምስት ይጠጋል። ሁለት ልጅ ካለ ሁለት ዱባ ነው፤ አንዱን ተካፈሉ ማለት ጠብ መግዛት ነው። ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ድርሻው ፍሬ መልቀም ነው፤ ያንንም እርጥቡን ነገር አልነካም ሊል ይችላል። ከስድስት እስከ ዘጠኝ ፊቱን በማርከር ይሥል፣ ይፋቅ። መጋዙ ከአሥር ዓመት በላይ ለሆነ ልጅ፣ ያውም አዋቂ አጠገቡ ቆሞ።

## ቀለም የተቀባ ዱባ

አንድ ብቻ ምረጡ ብባል የምመርጠው ይህንን ነው። ቢላ የለም፣ እሳት የለም፤ ያልተቆረጠ ዱባ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ካገኘ ሳምንታት፣ ሲሳካም ከወር በላይ ይቆያል። የሦስት ዓመት ልጅም የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅም ጎን ለጎን ተቀምጠው ሊሠሩት ይችላሉ።

የሚበላሸው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ዱባው ሳይታጠብ መቀባቱ። ልጣጩ ላይ አፈርና ሰም መሰል ወዝ አለ፤ በሳሙና ታጥቦ በደንብ ካልደረቀ ቀለሙ በጥፍር ሲነካ እንደ ፕላስቲክ ይላጣል። ሁለተኛው፣ የቀለሙ ዓይነት። «ይታጠባል» ተብሎ ለሕፃናት የሚሸጠው ቀለም ለልብስ ደግ ነው፤ ዱባ ላይ ግን ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ዝናብ ሲነካው ይወርዳል። አክሪሊክ ይሻላል፤ ትንሹ ጠርሙስ አንድ ሁለት ዶላር ነው፣ ከልብስ ግን አይለቅም፤ ስለዚህ አሮጌ ቲሸርት አልብሷቸው። ደማቅ ቀለም ከፈለጋችሁ መጀመሪያ ነጭ ቀቡት፤ ብርቱካናማ ላይ በቀጥታ የተቀባ ቢጫ አይታይም።

ትንንሾቹ ዱባዎች አንዳንዱ አንድ ሁለት ዶላር ስለሆነ ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱን መስጠት ይቻላል፤ ቦርሳ ውስጥም ይገባሉ። ትልቅ ልጅ ካለ ደግሞ የቀሚስ ጥለት ይሞክር፦ በዱባው ወገብ ዙሪያ ቀለም ቀቢዎች የሚጠቀሙበት ቴፕ ሁለት መስመር ይለጠፋል፤ በመሐሉ ነጭ ይቀባና ሲደርቅ በቀለም እስክሪብቶ ትንንሽ መስቀልና ዳይመንድ ይሞላል። ቴፑ ቀስ ብሎ ሲላጥ ጠርዙ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ክፍል ውስጥ ማንም የማያመጣውን ነገር ይዞ ይሄዳል።

ሌላ ዘዴ፦ በአንድ በኩል የሚስቅ ፊት፣ በሌላው በኩል የቅጠል ሥዕል ቀቡ። ኖቬምበር 1 ጠዋት ዱባውን ማዞር ብቻ ነው።

ሙሉ በሙሉ ቲል በሚባለው አረንጓዴ የቀላቀለ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ዱባ ደግሞ የራሱ መልእክት አለው። ፌር የተባለው የምግብ አለርጂ ድርጅት ከ2014 ጀምሮ በአገር ደረጃ ያስፋፋው ምልክት ሲሆን፣ «እዚህ ቤት የማይበላ ስጦታም አለ» ማለት ነው፤ ስቲከር፣ እርሳስ፣ ትንሽ አሻንጉሊት። ልጃችሁ የኦቾሎኒ አለርጂ ካለበት የዚህን ዋጋ ታውቁታላችሁ።

## የፎም ዱባ

ከሩቅ ከእውነተኛው አይለይም፤ መሐሉ ባዶ ስለሆነ መፋቅ የለም። መካከለኛው ከአሥር እስከ ሃያ አምስት ዶላር ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ በየዓመቱ ስምንት ዶላር ዱባ የምትገዙ ከሆነ የሃያ ዶላሩ ፎም በሦስተኛው ዓመት ወጪውን ይመልሳል። ይህ የሚሆነው ግን የምታስቀምጡበት ቦታ ካለ ነው። ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት ውስጥ ዓመት ሙሉ የዱባ ሣጥን ማቀፍ የራሱ ኪራይ አለው።

ሲቆረጥ ብናኝ ያወጣል፤ ማስክ አድርጉ፣ ከተቻለ ውጭ ወይም በረንዳ ላይ ቁረጡ፣ ትንንሾቹ ይራቁ። በግለት የሚቆርጥ መሣሪያ ጭሱ ጤናማ ስላልሆነ ይቅር። የእጅ ድሪል ያለው ሰው በተለያየ መጠን ቀዳዳ ቢበሳው ሌሊት ላይ እንደ ኮከብ ያበራል። ሻማ ግን በፍጹም አይገባበትም፤ ፎም ይቃጠላል።

የማልወድለት ነገር የአዋቂ ሥራ መሆኑን ነው። ልጁ ያያል እንጂ አይሠራም።

## ወረቀትና ካርቶን

በጥቂቱ ይበቃል፤ ሁሉም የሚያውቀው ነው። ጥቁር ወረቀት ለሁለት አጥፎ የሌሊት ወፍ መቁረጥ፣ ከሽንት ቤት ወረቀት ቱቦ ጉጉት መሥራት፣ የደረቀ ቅጠል ለጥፎ መስኮት ማስጌጥ። ከአምስት ዶላር አያልፍም፣ ሠላሳ ደቂቃ ይበቃዋል፣ በልብስ ቦርሳ ጠፍጣፋ ሆኖ ለዓመት ይቀመጣል። ኪራይ ቤት የምትኖሩ ከሆነ ግድግዳ ላይ የቀለም ቀቢዎችን ሰማያዊ ቴፕ ተጠቀሙ፤ ተራው ፕላስተር ቀለሙን ገሽልጦ ከዲፖዚታችሁ ያስቆርጣል። የተሸበሸበው ክሬፕ ወረቀት በቀላሉ ስለሚቀጣጠል ከሻማና ከሚግል አምፖል ይራቅ።

## ፔፐር ማሼ

በፊኛ ላይ የጋዜጣ ቁራጭ በዱቄት ሙጫ እየለጠፉ የሚሠራው ነው። ሙጫው አንድ ስኒ ዱቄት በአንድ ተኩል ስኒ ውሃ ነው፤ እንዳይሻግት ቆንጠር ጨው ይጨመርበታል። ጋዜጣው በእጅ ይቀደድ፤ በመቀስ የተቆረጠ ጠርዝ መስመሩ ይታያል። ሦስት ወይም አራት ድርብ ያስፈልጋል፤ እያንዳንዱ ድርብ ማደር አለበት። ሰኞ የተጀመረ ዓርብ ይቀባል ማለት ነው። ውጤቱ ቀላል፣ ጠንካራና ለዓመታት የሚቆይ ነው፤ ጭንብልም፣ ዱባም፣ የከረሜላ መያዣም ይሆናል። ዋጋው ከምንም አይቆጠርም።

ትዕግሥት የሌለው ልጅ በሁለተኛው ቀን ይረሳዋል፤ የሚጨርሱት እናትና አባት ይሆናሉ። የፈነዳ ፊኛ ቁራጭም ከስምንት ዓመት በታች ላሉ ልጆች የመታነቅ አደጋ ስላለው ሲፈነዳ ወዲያው መልቀም ያስፈልጋል። ከስምንት ዓመት በላይ ለሆነ፣ ነገር ጀምሮ መጨረስ ለሚወድ ልጅ ግን ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው።

## የጨው ሊጥ

ሁለት ስኒ ዱቄት፣ አንድ ስኒ ጨው፣ አንድ ስኒ ውሃ። ታሽቶ ግማሽ ሴንቲሜትር ያህል ይዳመጣል፤ በብስኩት ቅርጽ ይቆረጣል፤ መስቀያ ክር የሚገባበት ቀዳዳ በእርሳስ ጫፍ ይበሳል። ከዚያ በ200 ዲግሪ ፋራናይት፣ ማለትም በ93 ሴልሺየስ ገደማ፣ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ኦቨን ውስጥ ይደርቃል። እሳቱን ከፍ ማድረግ ሊጡን ያነፋል፣ ይሰነጥቃል። ሊጥ ማሸት የሚወድ ትንሽ ልጅ ላለበት ቤት ይህን የሚያህል የለም፤ እርጥበት ግን ስለሚስብ ካልተቀባ በስተቀር ይለሰልሳል።

ውሻ ካላችሁ ይቅርባችሁ፤ ጥቂት ቁራጭ የበላ ውሻ በጨው መመረዝ ሊሞት ይችላል።

## በአንድ ዕይታ

| ሥራው | ግምታዊ ወጪ | ጊዜ | ለማን | የሚቆየው | ዋናው ጥንቃቄ |
|---|---|---|---|---|---|
| የተቀረጸ ዱባ | 10–15 ዶላር | 2 ሰዓት | ከ6 ዓመት በላይ፣ ከአዋቂ ጋር | 3–7 ቀን | ስለት፣ ሻማ |
| የተቀባ ዱባ | 5–15 ዶላር | 1 ሰዓት | ከ3 ዓመት ጀምሮ | ሳምንታት | አክሪሊክ ከልብስ አይለቅም |
| የፎም ዱባ | 15–30 ዶላር | 1–2 ሰዓት | አዋቂ፣ ታዳጊ | ዓመታት | ብናኝ፣ እሳት |
| ወረቀትና ካርቶን | እስከ 5 ዶላር | 30 ደቂቃ | ሁሉም | ዓመት፣ ቤት ውስጥ | እሳት፣ መቀስ |
| ፔፐር ማሼ | እስከ 5 ዶላር | 4–5 ቀን | ከ8 ዓመት በላይ | ዓመታት | የፊኛ ቁራጭ |
| የጨው ሊጥ | እስከ 5 ዶላር | ግማሽ ቀን | ከ3 ዓመት ጀምሮ | ከተቀባ ዓመታት | ለውሻ መርዝ ነው |

## እንግዲህ ለማን የትኛው?

በጀት ጠባብ ከሆነ ወረቀትና የጨው ሊጥ፤ ዱቄቱና ጨው ቤት አለ። ከተረፈ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ትንሽ ዱባ።

ሁለታችሁም በፈረቃ የምትሠሩ፣ ጊዜ ያጠረባችሁ ከሆነ የተቀባ ዱባ። ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ይበቃል፤ ቀለሙ የምሳ ሰዓት ሳይደርስ ይደርቃል። ፔፐር ማሼን አትጀምሩት።

የአራት ዓመት ልጅና የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ አብረው ካሉ ለታናሹ ቀለም፣ ለታላቁ መጋዝ ስጡ፤ ጠረጴዛው ግን ይለያይ። መጋዝ ባለበት ጠረጴዛ ላይ የትንሽ ልጅ እጅ አይጠፋም።

ሃሎዊን የማታከብሩ ከሆነ ጥለት ወይም ቅጠል የተሣለበት ዱባ፣ የመስኮት ቅጠል፣ በቅጠል ቅርጽ የተቆረጠ የጨው ሊጥ። ለመምህሯ አስቀድሞ አንድ መስመር ኢሜይል መላክ ልጁን ከመሐል ከመግባት ያድነዋል፤ አብዛኞቹ መምህራን ጥያቄውን ለምደውታል።

ለበራችሁ ብቻ ጌጥ የምትፈልጉ፣ ማስቀመጫ ያላችሁ ከሆነ ፎም፤ ግን ዛሬ አትግዙት። ኖቬምበር 1 ላይ ብዙ ሱቆች የተረፈውን በግማሽ ዋጋ ያወጡታል፤ ለከርሞ ይሆናል።

ልጁ የለመነው የማምሻውን ትርኢት ከሆነ፣ ጨለማ ውስጥ የሚያበራ ፊት፣ ሌላው ሁሉ አይተካውም፤ ቅረጹለት።

ለሁሉም የሚሆን አንድ የመሣሪያ ምክር፦ የሙጫ ሽጉጥ የምትገዙ ከሆነ ዝቅተኛ ግለት ያለውን ውሰዱ። ከፍተኛው ወደ 190 ዲግሪ ሴልሺየስ ይደርሳል፤ ዝቅተኛው 120 አካባቢ ነው። ለወረቀትና ለፌልት 120ው ይበቃል፤ እሱም ቢሆን ያቃጥላል፣ ለትንሽ ልጅ አይሰጥም። ኮስቲዩም ቤት ውስጥ የምትሰፉ ካላችሁም የተንዘረፈፈ እጅጌና ሳሳ ያለ ጨርቅ ተዉ፤ ዓይን የሚሸፍን ጭንብል መንገድ ለማቋረጥ አይመችም፣ የልብሱ ጀርባ ላይም የሚያንጸባርቅ ቴፕ ይለጠፍበት።

በዓሉ ሲያልፍ ቀለም ያልነካው ዱባ ኮምፖስት ይሆናል፤ ብዙ ከተሞች ኖቬምበር መጀመሪያ ላይ ይሰበስቡታል። አክሪሊክ የተቀባው ወይ ይላጥ ወይ ቆሻሻ ውስጥ ይግባ፤ መብራቱንና ባትሪውን ማውጣት እንዳትረሱ። ሱቅ ደጃፍ የቀረው ያልተቆረጠ ዱባ በዚያ ሳምንት በሳንቲም ይሸጣል፣ አንዳንዴም በነጻ ይሰጣል፤ ጠንካራውን መርጣችሁ ለታንክስጊቪንግ ጠረጴዛ አስቀምጡት።